‘ወሎ ሰፈር’ ወሎ ውስጥ የለም

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ጉጉፍቱን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት መግባት ሲጀምር አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሰብስበው ጨዋታ ጀመሩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ መካነ ሰላም ማን እንዳለኝ፣ ባል ይኑረኝ አይኑረኝ በተራ በተራ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ቀጠሉና፣

«አዲስ አበባስ ሰፈርሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ወሎ ሰፈር፣ አባባ።»

ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አይ ልጄ! ወሎ እዚህ፣ ሰፈሩ እዚያ? ደግሞ ወሎ ምን ሊሠራ ነው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሰፈረው?»

አብሬያቸው ሳቅሁ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። አዲስ አበባ ተወልጄ ሳድግ «ወሎ ሰፈር ወራጅ!» ያልኩበትን ጊዜ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ወሎን አውቃለሁ፤ የእናቴ አገር ነው። «ሰፈር» የሚለው ግን ትርጉም ያለው ቃል መሆኑን ራሱ ረስቼዋለሁ። ሽማግሌው «ሰፈረ» ብለው ወደ ግስነቱ ሲመልሱት ነው የነቃሁት።

እስቲ እናንተም ዛሬ ከቤት ወጥታችሁ ያለፋችሁባቸውን ስሞች አስቡ። ቦሌ መንገድ፣ ቸርችል ጎዳና፣ መስቀል አደባባይ፣ ጎተራ ማሳለጫ። የስሙ ፊት ላይ ያለውን ቃል ሁላችንም እንጠይቃለን። ቸርችል ማነው? ጎተራው የማን ነበር? ጭራውን ግን ማንም አይጠይቅም። እኔ ከዚያ ጉዞ ወዲህ ጭራ ጭራውን እያየሁ ስኖር አንድ ነገር ገባኝ፦ የስሙ ፊት ስለማን ወይም ስለምን እንደተሰየመ ይነግረናል፤ ጭራው ደግሞ የሰየመው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ይነግረናል። ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ መነኩሴው፣ ከብት አርቢው፣ የቢሮ ጸሐፊውና መሐንዲሱ እያንዳንዳቸው ቦታን የሚጠሩበት የየራሳቸው ቃል አላቸው።

የወታደር ቃል

«ሰፈር» የወታደር ቃል ነው። ሰፈረ ማለት ከጉዞ ቆሞ ድንኳን ተከለ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ዋና ከተማቸው ድንኳን ነበር፤ ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ከተማው አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ሲያርፍ ደግሞ መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው በንጉሡ ድንኳን ዙሪያ በተመደበላቸው ቦታ ይሰፍራሉ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በድሮ ጽሑፎች ውስጥ የጦር ሠራዊት ማረፊያ ማለት ሆኖ ይገኛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የሆነውም ይኸው ነው። ልዩነቱ ድንኳኑ ሳይነቀል መቅረቱ ነው። መኳንንቱ በየተሰጣቸው ኮረብታ ከነጭፍራቸው ሰፈሩ፤ ሰፈሩም በጌታው ስም ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች ከዚያ ሥርዓት የመጡ ናቸው። ሌላው ደግሞ በሥራው ተጠራ፣ ሠራተኛ ሰፈር። ሌላው በመጣበት አገር ስም ተጠራ፣ ጎፋ ሰፈር፣ ወሎ ሰፈር። ስለዚህ ለሽማግሌው የሚገባው መልስ «ወሎዬ ከአገሩ ወጥቶ የሰፈረበት ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። ወሎ ውስጥ ወሎ ሰፈር ሊኖር አይችልም፤ ሰው በገዛ አገሩ አይሰፍርማ!

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የማንቸስተር ደጋፊዎች ስሙ። «ቸስተር» የሚለው ጭራ ካስትራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የጦር ሰፈር ነው። ሮማውያን ወታደሮች እንግሊዝ አገር ሰፍረው ሄዱ፤ ሰፈራቸው ግን በማንቸስተር፣ በዊንቸስተርና በላንካስተር ስም ጭራ ላይ ቀረ። ማንቸስተርን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብንመልሰው እንደ ጎፋ ሰፈር ያለ ነገር ነው የሚወጣው። ሊቨርፑልም ቢሆን «ፑል» የሚለው ጭራው ኩሬ ወይም የታቆረ ውሃ ማለት ነው። ተፎካካሪዎቹ በሰፈርና በውሃ ነው የሚጣሉት ማለት ነው።

ግን «ሰፈር» የሚደብቀውም ነገር አለ። ወታደር ሲሰፍር ባዶ መሬት ላይ አይሰፍርም። አዲስ አበባ አዲስ አበባ ከመባሏ በፊት በፍል ውሃው አካባቢ ፊንፊኔ የሚባል ስም ነበረ፤ ጉለሌ ዛሬም የሚጠራው በኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። እነዚህ ስሞች ጭራ የላቸውም፤ «ጉለሌ ሰፈር» ብሎ መጥራት አልተለመደም። እዚያው የነበረ ሰው ሰፈርኩ አይልም። ስለዚህ «ሰፈር» የሚል ጭራ ባየን ቁጥር ሁለት ጥያቄ ቢመጣልን ጥሩ ነው፦ ማን ሰፈረ? ከሰፈረው በፊትስ ማን ነበረ?

የነጋዴና የዳኛ ቃል

«መንገድ» የነጋዴ ቃል ነው። የግዕዙ ነገደ ተጓዘ፣ ነገደ ማለት ነው። ነጋዴም፣ ንግድም፣ መንገድም፣ እንግዳም ከዚሁ ግስ የወጡ ናቸው። መንገድ እንግዶች የሚያልፉበት፣ ነጋዴ በቅሎውን የሚነዳበት ነው። ዛሬ «የመንገድ ስም» የሚል ሰሌዳ ስናይ አስፋልት ነው የሚታየን፤ ቃሉ ግን ከአስፋልት በፊት የነበረውን የሲራራ ነጋዴ ጉዞ ይዞ ነው የመጣው።

«ጎዳና» ሰፋ ያለው፣ ዋናው ነው። ቸርችል ጎዳና ይባላል፤ አፍሪካ ጎዳናም ይባላል (ቦሌ መንገድ የሚባለው ነው፤ በሰሌዳ ስሙ የሚጠራው ብዙ ሰው ግን አላውቅም)። ኒው ዮርክ ማንሃተን ውስጥ አቬኑ የሚባለው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ስትሪት የሚባለው ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነው፤ እዚያ ጭራው አቅጣጫ ይነግራል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ ጎዳና ስፋቱንና ክብሩን ነው የሚናገረው። የሚገርመው ግን ይህ የክብር ቃል በእኛ ዘመን አፍ ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው «ጎዳና ተዳዳሪ» በሚለው ሐረግ መሆኑ ነው። ሰሌዳው ላይ የመሪ ስም፣ ከሰሌዳው ሥር ማደሪያ ያጣ ልጅ።

«አደባባይ» ደግሞ የዳኛና የንጉሥ ቃል ነው። ዛሬ መኪና የሚዞርበትን ክብ ሁሉ አደባባይ እንላለን። ድሮ ግን በቤተ መንግሥት ፊት ያለው ሕዝብ የሚቆምበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚሰማበት ሜዳ ነበር። «ነገሩ አደባባይ ወጣ» ስንል አሁንም የምናስበው ያንን ነው። መስቀል አደባባይን እዩት። በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ተባለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንደገና መስቀል አደባባይ ሆነ። ሁለት ሥርዓት በስሙ ፊት ላይ ተፈራረቀበት። ጭራውን ግን ማንም አልነካውም። ማን ይምጣ ማን ይሂድ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ አደባባይ ነው።

የጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) የተወልን ስም ደግሞ ከሁሉም ያስቃል። ፒያሳ ማለት አደባባይ ማለት ነው፤ መርካቶ ማለት ገበያ ማለት ነው። ካዛንቺስ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ሲሆን ኢንቺስ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ድርጅት ምህጻረ ቃል ነው። ፋሺስቶቹ አደባባዩንና ጎዳናውን ሁሉ በጀግኖቻቸው ስም ሰይመው ነበር። እነዚያ ስሞች አምስት ዓመት ቆይተው ረገፉ፤ የቀረው ተራው ቃል ብቻ ነው። ፊቱ ጠፍቶ ጭራው ብቻውን ስም ሆኖ ቆመ! ደሴም ጎንደርም የየራሳቸው ፒያሳ አላቸው።

ጭራው ፊት ሲመጣ

አሁን ወደ አውቶቡሱ እንመለስ። ሽማግሌውን በተራዬ «እርስዎስ የት ነው አገርዎ?» አልኳቸው።

«የቱሉ አውሊያ ሰው ነኝ።»

«ቱሉ ማለት ምን ማለት ነው አባባ?»

ጥያቄው ግራ አጋባቸው። «ቱሉ? ቱሉማ ቱሉ አውሊያ ነዋ!»

እኔ ሰፈርን ቃል መሆኑን እንደረሳሁት እሳቸውም ቱሉን ረስተውታል። ተያየንና እንደገና ሳቅን። ቱሉ በኦሮምኛ ተራራ ነው። አውሊያ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን ቅዱሳን፣ የአላህ ወዳጆች ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ «የአውሊያ ተራራ» ነው። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ ዓረብኛ፤ የነገሩኝ ሰው ግን አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ የቦታውን ዓይነት የሚናገረው ቃል ጭራ ላይ አይደለም ያለው፤ ፊት ላይ ነው። ተራራ ብሎ ነው የጀመረው። መካነ ሰላምም እንዲሁ ነው። በግዕዝ መካን ቦታ ማለት ነው (ዓረብኛውም መካን ነው)። ቃሉ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «መካነ» ይሆናል፤ መካነ ሰላም፣ የሰላም ቦታ። በዚህ ጽሑፍ ቋንቋ ብትጠሩት ኢንተርኔት ላይ ያለ ገጽ እንኳ «መካነ ድር» ነው፤ የመነኮሳቱ ቃል ጡረታ አልወጣም።

የግዕዝ ስሞች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ደብር ተራራ ነው፤ መነኮሳት ተራራ ላይ ስለሚሰፍሩ ገዳምና ታላቅ ቤተ ክርስቲያንም ደብር ተባለ፦ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ማርቆስ። ወደ ሳይንት ብትሄዱ ተድባበ ማርያም አለች፤ ተድባብ ጣሪያ፣ ጥላ ነው። ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም መርጡለ ማርያም አለች፤ መርጡል አዳራሽ፣ ድንኳን ነው። አፄ በእደ ማርያም (እ.ኤ.አ. 1468–1478) በዚሁ በድሮው ቤተ አምሐራ ያሠሩት አትሮንሰ ማርያም ነበረ፤ አትሮንስ ዙፋን ነው። አፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስጨረሱት ደግሞ መካነ ሥላሴ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ሠራዊት አቃጠለው፤ የወርቅና የብሩን ጌጥ ብዛት እየተደነቀ የመዘገበልን ከኢማሙ ወገን የነበረው ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ ነው። ጣሪያ፣ አዳራሽ፣ ዙፋን፣ ቦታ። መነኩሴና ንጉሥ ሲሰይሙ ሕንፃ ነው የሚታያቸው።

ከዚያ በኋላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ እንቅስቃሴ መጣ። አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 በጻፉት ድርሳን ቦረንና በርቱማ ብለው ከመዘገቧቸው ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የአንደኛው ስም ዛሬም መካነ ሰላም ባለችበት በቦረና ወረዳ ላይ አለ። የጠቅላላ አገሩ ስም ወሎም ከኦሮሞ ጎሳ ስም የመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች ቦታ ሲሰይሙ ግን ዙፋንና አዳራሽ አይደለም የታያቸው። ወረ ማለት የእገሌ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፦ ወረኢሉ፣ ወረ ሂማኖ፣ ወረባቦ። ለገ ወንዝ ነው፦ ለገሂዳ፣ ለጋምቦ። ቱሉ ተራራ። ዘመድ፣ ውሃ፣ ኮረብታ፤ ከብት ለሚያረባ ሰው የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እነሱም እንደ ግዕዙ የዓይነቱን ቃል ፊት ላይ ነው ያደረጉት።

እኛስ? አማርኛ እዚህ ላይ ከእናቱ ወገን ተለይቶ ይወጣል። ግዕዝ «መካነ ሰላም» ይላል፤ ትግርኛም ዓዲ ግራት፣ እንዳ ሥላሴ እያለ የዓይነቱን ቃል ያስቀድማል። አማርኛ ግን ወሎ ሰፈር፣ ቦሌ መንገድ፣ የሰላም ቦታ ብሎ ወደ ጭራ ይወስደዋል። ብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች አማርኛ ቃላቱን ከሴም ወስዶ የዓረፍተ ነገር አሠላለፉን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው እንዳገኘ ያስረዳሉ። እነዚያን ደጋዎች ከጥንት ጀምሮ ከአማርኛ ጋር ጎን ለጎን የኖሩባቸው አገዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ ታክሲ ውስጥ «ወሎ ሰፈር ወራጅ» ስል በአፌ ውስጥ የኦሮሞ ጎሳ ስም፣ የአማራ ወታደር ቃልና የአገው የቃል ቅደም ተከተል አለ። ይኼን ሁሉ ጭነን ነው ለካ በታክሲ የምንሄደው!

አምባ፣ በር፣ ሜዳ፣ ገበያ

በወሎ ደጋ ላይ የአማርኛ ጭራዎችም ሞልተዋል። «በር» በቤት ላይ ብቻ አይደለም፤ ከገደልና ከተራራ መካከል የሚያሳልፈው ጠባብ መውጫም በር ነው። ከደሴ በሰሜን ምዕራብ ኩታበር አለ፤ ደሴ ከተማ ውስጥ ሸዋ በር አለ፤ በሸዋ መንገድ ላይ ጣርማ በር አለ። «በር» የሚል ስም ያለበት ቦታ ሁሉ የሚዘጋም ነው፤ አንድ ጊዜ ቀረጥ ተቀባይ፣ ሌላ ጊዜ ጦር ይቆምበታል።

«ሜዳ» ብዙ ሰው የሚይዝ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ አደረጉ። የወረ ሂማኖው ኢማም መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት በዚያ ወቅት ነው። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የክተት መገናኛ ያደረጉት ወረኢሉን ነበር። «የኢሉ ወገን» ተብሎ የተሰየመ ቦታ የአገር ሁሉ ወገን መሰብሰቢያ ሆነ።

«አምባ» ዳሩ ገደል አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው። መቅደላ አምባ ላይ አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። አምባ ንጉሥ የሚመሽግበት፣ እስረኛ የሚታሰርበት፣ ሀብት የሚከማችበት ነበር። ዘመን ሲለወጥ ጭራው ከተራራው ወረደ፦ ደርግ በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት የሚያድጉበትን ተቋም «ሕፃናት አምባ» አለው። ተራራ አልነበረም፤ መጠለያነቱ ግን በስሙ ቀረ።

«ገበያ» ላይ ስንደርስ ነጋዴው እንደገና ይመጣል። ደሴ ውስጥ ሰኞ ገበያ አለ፤ ደቡብ ጎንደር አርብ ገበያ አለ። አንዳንዱ ገበያ የሚለውን ቃል ጥሎ ቀኑን ብቻ ይዞ ከተማ ሆኗል፦ ሮቢት፣ ሐሙሲት። የሳምንቱን ቀን ከተማ ያደረገ ነጋዴ ብቻ ነው።

ስም የርስት ደብተር አይደለም

ይኼን ሁሉ የምጽፈው የቃላት ጨዋታ ስለሚያስደስተኝ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ የወሎን ካርታ ስልካቸው ላይ ዘርግተው ሲጣሉ አይቻለሁ። አንደኛው «ወረኢሉ፣ ለገሂዳ፣ ቦረና፣ ቱሉ አውሊያ፤ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ የእኛ ነው» ይላል። ሌላው «ከዚያ በፊት ቤተ አምሐራ ነበር፤ ተድባበ ማርያምንና መካነ ሥላሴን ተመልከት፣ የእኛ ነው» ይላል። ሁለቱም ስም ይቆጥራሉ። ሁለቱም የሚቆጥሩት ስም እውነተኛ ነው። ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ሁለቱ ልጆች እስከ ምረቃ ድረስ ሰላም አይባባሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ከቃል ክርክር ያለፈ ስንት ነገር እንዳየን መዘርዘር አያስፈልገኝም።

እነሱ ያላዩት ነገር ያለ ይመስለኛል። የግዕዝ ስሞቹ እስከ ዛሬ የቆዩት ኦሮሞዎች መጥተው ሲሰፍሩ ሁሉንም ስላልሻሩ ነው። የኦሮምኛ ስሞቹ የቆዩት ደግሞ የአካባቢው ሰው ከጊዜ በኋላ በአማርኛ ሲናገር «ቱሉ»ን ወደ «ተራራ» ስላልተረጎመው ነው። ትርጉሙን እንኳ ረስቶ ስሙን ጠብቋል። ሽማግሌው «ቱሉማ ቱሉ አውሊያ ነዋ» ያሉት ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የወረሱትን እንዳለ መያዛቸው ነው። ሁሉ ነገር በፍቅር ሆነ እያልኩ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሏል፣ ሰው በግድ ሃይማኖት ቀይሯል፣ ጦር ሰፍሮ መሬት ወስዷል። ግን የስም ዝርዝሩ የሚመሰክረው አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ መኖሩን ነው። ከድርርቡ አንዱን ሽፋን ብቻ መዝዞ «ማስረጃዬ ይኸው» ማለት የመጽሐፍ አንድ ገጽ ቀዶ መጽሐፉ የእኔ ነው እንደማለት ነው።

ለዚህ ነው ጭራውን ማየት የሚጠቅመው። «የማን ነው?» ከማለት ይልቅ «የሰየመው ሰው እዚህ ምን ያደርግ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሁሌም ሥራ ነው፦ ጸሎት፣ እረኝነት፣ ንግድ፣ ዘመቻ። በሥራ ደግሞ ማንም ሰው ዘመድ ያገኛል።

የእኛ ዘመን ጭራ

የእኛስ ዘመን ምን ጭራ ይተዋል? ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ነዋሪውን በቀበሌ አደራጀው። ቀበሌ የጸሐፊ ቃል ነው፤ ከፊቱ ስም አያስፈልገውም፤ ቁጥር ይበቃዋል። ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ እሱም ብሎክና የቤት ቁጥር አለው። ከኮንዶሚኒየሙም በላይ «ሳይት» የሚለው አለ። ሳይት የመሐንዲስ ቃል ነው፤ ግንባታው አልቆ ሰው ከገባበት በኋላም ሳይት እንለዋለን። ኖረንበትም ገና ያላለቀ ሥራ ነው ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ሰዎች ከሰፈር ወደ ሳይት ሄዱ። አንዲት ጓደኛዬ ከፒያሳ ተነሥታ ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ «ሰፈርሽ የት ነው?» ለሚላት ሁሉ አሁንም «ፒያሳ» ነው የምትለው። የምትኖርበትን ስትጠየቅ ደግሞ የሳይቱን ስም ትናገራለች። የምትኖርበትና ሰፈሯ ሁለት ነገር ሆነዋል። ድንኳን ከተነቀለ በኋላ የሚቀር ቃል ሆኗል ሰፈር።

ሽማግሌው አቀስታ ላይ ወረዱ። ዘንቢላቸውን ሳቀብላቸው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ወሎ ሰፈር ስትገቢ ወሎ ሰላም ብሏችኋል በያቸው።»

መካነ ሰላም ስደርስ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «ቤታችሁ የት ነው? እንዴት ልምጣ?»

«ቀበሌ 01» አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ «እሱን ተዪው፤ እሱን ብለሽ ብትጠይቂ ማንም አያሳይሽም» አለች። «ከገበያው ከፍ በይና የእናትሽን ስም ጥሪ።»

ጠራሁ። ያገኘኋት የመጀመሪያዋ ሴትዮ በር ድረስ አደረሰችኝ።